ፊት ለፊት ወንበር

ባልየው ሥራው የባቡር ወንበር ነው። ማለት፣ ወንበሩን ሌሎች ይሸከማሉ፤ እሱ የት እንደሚቀመጥ ያስባል። ለማሰቢያም ቢሮ ተሰጥቶታል።

ሲቀጠር ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ የእንጨት አግዳሚዎች ነበሩ። እሱ መጣና አራት አራት አድርጎ አፋጠጣቸው፤ ሕዝቡ ጉልበት ለጉልበት ሲላተም ኖረ። ቆይቶ ደግሞ ሐሳቡን ቀየረና ሁሉንም ወደ ፊት አዞራቸው፤ መደገፊያቸውንም ከሰው አናት በላይ አስረዘመው። መንገደኛው የፊተኛውን ሰው ማጅራት እንኳ ሳያይ ይሄድ ጀመር። ይህን «ሰላም» ብሎ ጠራው። ተሸለመበትም።

ሦስት ዓመት አለፈና ሰላሙ ሰለቸው።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ ሰው ከሰው ተራርቋል፣ ወንበሮቹ ተመልሰው ፊት ለፊት ይሆናሉ፣ መደገፊያቸውም ያጥራል ብሎ ቁጭ አለ። ሚስቱ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። ወደ ኋላ ዞሮ መሄድ ሰውን ያስመልሳል፣ የአሁኑ ምን አጠፋ እያለች ተሟገተችው። እሱ እቴ፣ ሥራው በመጨረሻ የገባት መስሎት ደስ አለው።

«ለአንቺም ብዬ እኮ ነው» አላት። «ረቡዕ ረቡዕ አክስትሽ ጋ ስትሄጂ የሚያጫውትሽ ሰው ታገኚያለሽ።»

እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረ። በነጋታው ለፀጉር ሠሪዋ «ትዳሬ ሊፈርስ ነው» አለቻት፣ በዚያው ባቡርና ወንበር የሚሉትን ጣጣ ጨምራ።

ፀጉር ሠሪዋ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ወንድ በዚህ ዕድሜው ፊት ለፊት መቀመጥ ካማረው፣ ያማረው ፊት አለ ማለት ነው። አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል ወይ? ገዝቷል። ሽቶስ? ትንሽ ትንሽ። በቃ፣ ምን ቀረ። ሚስትየዋ አዎም አይደለምም ሳትል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ፀጉር ሠሪዋን አንጀቷን በላቻት። የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ እንኳ ፀጉሯን ሳትሠራ የማትሄድ፣ ለዘመድ እንዲህ ክብር ያላት ሴት እንዴት ትከዳለች?

አዲሶቹ ፉርጎዎች ሥራ የጀመሩት ረቡዕ ቀን ነው። ባልየው አዲሱን ሸሚዙን ግጥም አድርጎ፣ ቀኑን ሙሉ ባቡር ውስጥ ሆኜ ሕዝቡን አያለሁ ብሎ በጧት ወጣ። ሚስትየዋ ፀጉሯ ካስክ ውስጥ እያለ፣ ዛሬ እንደማትመጣ ለመናገር ስልኳን ደጋግማ መታች። የሚያነሳ ጠፋ።

«ዛሬስ ይቅርብኝ፣ አሞኛል» አለች።

«ዛሬማ አይቀርም። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው የሚያዘው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። ቤቷን ዘግታ፣ ደንበኛዋን በክንዷ እየጎተተች፣ የወንድን ዘር በሙሉ እየረገመች ጣቢያ አደረሰቻት።

ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ አገኙት። ከፊቱ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ላይ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላው ባዶ ነው። ሴት የሚባል ፍጡር ባጠገቡ የለም። ፀጉር ሠሪዋ ቅር አላት፤ ለዚህ ነው እንዴ ቤቴን የዘጋሁት አለች በሆዷ።

ባልየው ሚስቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ሥራውን ልታይለት የመጣች መሰለው። በጣቱ ባዶውን ወንበር አሳያት፣ ሞክሪው ማለቱ ነው። ሰው እያየ እምቢ ማለት አልሆነላትም፤ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ሰውዬው ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ፣ እንደ ወትሮው፣ እጇን ሳብ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አኖረው።