ትክክለኛው ቴስት

የማስተርስ ተማሪዋ ላፕቶፑን በንዴት ገፋችው። አዲሱ ማስታገሻ የካንሰር ሕሙማንን ስቃይ መቀነሱን ለማረጋገጥ የስታቲስቲክስ ቴስት ስትቀያይር ሰነበተች፤ ሁሉም «ለውጥ የለም» ይላታል።

«መረጃሽ ጥቂት ነው፤ ወደ አንድ ወገንም ያጋደለ ነው» አሏት አማካሪዋ ዶክተር መንበረ። «ትክክለኛው ቴስት አማካዩን ትቶ በደረጃ የሚያወዳድረው ዊልኮክሰን ነው። እሱንም ሠርተሽዋል። አለቀ!»

«ሌላ አይጠፋም፣ ዶክተር። አንድ ብቻ ልሞክር።»

«ውጤቱ እስኪጥምሽ ቴስት አይመረጥም፣ ልጄ! ደግሞስ መድኃኒቱ ባይሠራም መመረቅሽ አይቀርም። ምን እንዲህ ያንገበግብሻል?»

ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«እናቴ ሌላውን ማስታገሻ ሁሉ ሞክራ አልሆነላትም። ይኼኛውን ትናንት አስጀመርኳት።»