ከማኅደሩ የጎደለው ገጽ

ማርላ ወረቀቶቹን ለሦስተኛ ጊዜ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሁለተኛው ገጽ የለም።

ቅድም ነበረ። የቅጂ ማሽኑ መሥራቱን ልታይ ስትሄድ ስድስቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ አጠገባቸው የቀሩት ደግሞ አባቷ ብቻ ናቸው። አሁን ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በመስኮቱ ወደ ኦሃዮ ወንዝ ያያሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ጠዋት «እኔም አብሬሽ ልሂድ» ሲሏት ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር፤ የቤተሰቡን ሐረግ ስትፈልግ በከረመችባቸው ስድስት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ «ምን አገኘሽ?» ብለዋት አያውቁም።

የምትፈልገው የእሳቸውን ቅድመ አያት፣ ኤልበርት ፕሩዊትን ነው። የአውራጃው የታሪክ መጽሐፍ በሁለት መስመር ይሸኘዋል፦ «ጎበዝ አናጺ። ወላጆቹን በኮሌራ ያጣ፣ ዘመድ የሌለው።» ከዚያ ወዲያ ዱካው ይጠፋል። ይህ ማኅደር ግን ከወንዙ ማዶ፣ ኬንታኪ ውስጥ ከተዘጋ አንድ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ጸሐፊው የምእመናኑን የሕይወት ታሪክ በእጁ ጽፎበታል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ አንድ አይዛክ ስለሚባል ሰው ያወራና መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሙ ኤልበርት ግን በ1874 ወንዙን ተሻግሮ»

ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል።

«አባዬ፣ ገጹን ስጠኝ።»

«የምን ገጽ?»

«ኮትህ ውስጥ ያለውን። ጫፉ ይታያል።»

«መነጽርሽን ቀይሪ።»

የመዛግብት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ታልቦት ከወዲያኛው ጥግ ተነሥተዋል። ለምሳ ሊዘጉ ነው። ማርላ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ ትላለች።

«ኤልበርት ሰው ገድሏል እንዴ?»

«ቢገድልማ ኖሮ በየዓመት በዓሉ እናወራው ነበር» ይላሉ፤ አይስቁም። «ተይው፣ ልጄ። ተኝቷል፤ ይተኛ።»

ወይዘሮ ታልቦት ደርሰው ማኅደሩን ይስባሉ። ገጾቹን አንድ በአንድ ይገልጣሉ፤ ጣታቸው ሦስተኛው ላይ ይቆማል።

«ሁለተኛው የታለ? ስድስት ገጽ ነው ያስረከብኳችሁ። ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ የለውም።»

ማርላ አባቷን ታያለች። የኮታቸውን ደረት በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እንዲህ ሲሆኑ ያየቻቸው እናቷ የሞተች ቀን ብቻ ነው።

«ማሽኑ ላይ ረስቼው ይሆናል» ስትል የገዛ ድምጿን ትሰማለች።

«እኔ ልየው» ብለው ወይዘሮ ታልቦት ይሄዳሉ። ማሽኑ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው።

«ዋሸሁልህ» ትላለች ማርላ፤ ጥርሷን ነክሳ። «በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁልህ። አሁን ንገረኝ።»

አባቷ ወደ ወንዙ እያዩ ይናገራሉ።

«ጥቁር ነበር። እናቱም፣ ወንድሙም። እሱ መልኩ ቀላ ያለ ስለነበር ወንዙን ተሻገረና ነጭ ነኝ አለ። አመኑት። ይኸው ነው።»

ማርላ ነፍሰ ገዳይ ጠብቃለች፤ ወንበዴ ጠብቃለች፤ ሁለት ሚስት ያለውም ጠብቃለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከዘጠኝ ዓመቴ። አያቴ ዓሣ ልናጠምድ ነው ብሎ በጀልባ ወደ ማዶ ወሰደኝ። የአይዛክ ልጆች ቤት። ሙሉ ክረምት ተመላለስን። ሉሺየስ የሚባል እኩያዬ ነበር፤ እንቁራሪት በመዳፌ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ አያቴ ሞተ፤ እናቴም እነዚህን ሰዎች አታውቃቸውም አለችኝ። አላውቃቸውም አልኩ።»

የማሽኑ ክዳን ሲከፈት ይሰማል።

«በሃያ ሁለት ዓመቴ ሉሺየስ እሠራበት ወደነበረው ሱቅ ምስማር ሊገዛ ገባ። አየኝ። አየሁት። አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል፤ ጥቁር ዘመድ እንዳለኝ ቢያውቅ ያባርረኝ ነበር። ሉሺየስ ምስማሩን ተቀበለኝና ‹አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ› ብሎኝ ወጣ።» አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ይጠርጋሉ። «ጌታዬ አለኝ፣ ማርላ። እኔን ሊያድን ነው እኮ። እኔም ዳንኩ።»

ወይዘሮ ታልቦት ባዶ እጃቸውን እየተመለሱ ነው። ማርላ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ ጠረጴዛውን ተደግፈው ይነሣሉ፤ ከኮታቸው ውስጥ ገጹን ያወጣሉ።

«እመቤቴ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ልጄ የለችበትም።»

ወይዘሮ ታልቦት ገጹን ተቀብለው እስከ ጫፉ ይመረምሩታል። አልተቀደደም። ሽማግሌውን ያያሉ፤ ልጃቸውን ያያሉ። ከዚያ ገጹን ቦታው ይመልሱና ማኅደሩን ወደ ማርላ ይገፉታል።

«ምሳዬን እዚሁ እበላለሁ» ይላሉ። «ኮትዎን ግን አውልቀው ወንበሩ ላይ ያስቀምጡልኝ።»

ማርላ ታነባለች። ስለ ኤልበርት የተጻፈው ግማሽ መስመር ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሙ በቤቱ እንዳልተነሣ ይናገራል። ከሥሩ የአይዛክ ልጆችና የልጅ ልጆች ተዘርዝረዋል። ግን ውሃ ገብቶበታል። ከሦስት ስሞች በቀር ቀለሙ ፈሶ ተቀላቅሏል፤ በመስኮቱ ብርሃን ብታየውም አይለይም።

«ጠፍቷል» ትላለች።

አባቷ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ከትከሻዋ በላይ ያጎነብሳሉ። ጣታቸውን የፈሰሰው ቀለም ላይ ያደርጋሉ።

«አራተኛዋ ኦዴሳ ናት። ግራኝ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ታዴየስ፤ እሱ ቫዮሊን ይመታል። ቀጥሎ መንትዮቹ፣ ሮዝታና ራንሰም።»

ማርላ እርሳስ ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብራለች።

«የኦዴሳ ልጆች አምስት ናቸው። ትልቋ ክሊዮ፣ ከዚያ ሉሺየስ...»

«ቀስ በል፣ አባዬ፤ ልጻፈው።»

አባቷ ግን ቀስ አይሉም። ድምፃቸው በባዶው ክፍል ውስጥ ከፍ እያለ ይሄዳል።