ጋሽ ሐሙስ

«ይቺን መስመር ደግሞ አትንኪያት» ይላሉ ጋሼ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው። «የቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

ርክክቡ ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት። በሩ ላይ ጥበቃው ባዶ ካርቶን ይዞ ቆሟል፤ የጋሼን ዕቃ ሊሸከምላቸው ይሁን ሊጠብቃቸው አልገባኝም። የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸው ተፈርሞ አስተዳደር ክፍል ተቀምጧል። የሚሰጣቸው እኔ «ተረክቤያለሁ» ብዬ ከፈረምኩ በኋላ ነው። በሃምሳ ሰባት ዓመት ዕድሜ፣ ያለዚያ ወረቀት፣ ማንም በር አይከፍትላቸውም።

የጠርሙስ መሙያውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ልቡ ከሆነው ከርነል ጀምሮ፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ። አሁን መስመር በመስመር ያስረክቡኛል።

«ይኼ ቁልፉ ነው። ማሽኑ ውስጥ አሥር ሥራ በአንድ ጊዜ ይሮጣል። የጠርሙሱን ቆጠራ ግን ሁለቱ እኩል ከነኩት ይበላሻል። ስለዚህ የቀደመው ይቆልፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። እንደ ኮሪደሩ ሽንት ቤት በይው። አንዱ ቁልፉን ካልመለሰ ሌላው እግሩን አጣምሮ መቆም ነው።»

«ያንን የግምጃ ቤቱን ሰውዬ ማለትዎ ነው ጋሼ?» ይላል ጥበቃው ከበሩ ላይ። «ቁልፉን ኪሱ ከቶ ዓመት ፈቃድ የወጣውን?»

ሁለቱ ይስቃሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ዓይኔን ግን ከመስመሮቹ ላይ ማንሳት አቅቶኛል። እዚህ ጋ ይቆለፋል። እታች ይከፈታል። መሃል ላይ ግን ሌላ መውጫ አለ፦ የመረጃ ማቆያው ሞልቶ ከተገኘ ሥራው ቆጠራውን ትቶ ይመለሳል። ሳይከፍት ይመለሳል። የቀሩት ዘጠኙ እንደቆሙ ይቀራሉ።

ማቆያው የሚሞላው በሳምንት አንዴ፣ የሳምንቱ የምርት ማጠቃለያ ሲላክ ነው። ሐሙስ።

ታች፣ ጠርሙስ መሙያው መስመር ላይ የሚሠሩት ሴቶች ጋሼን ጋሽ ሐሙስ ይሏቸዋል። ሐሙስ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ ስልክ ይደወላል፣ ጋሼ ሰማያዊ ጋዋናቸውን ደርበው ይወርዳሉ፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ትእዛዝ ይጽፋሉ፣ ማሽኑ ይነሳል። ሴቶቹ ያጨበጭባሉ።

ቀና ስል እያዩኝ ነው። ማየቴን አውቀዋል።

«ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ብርጭቆ ውሃ» ይሉታል ጥበቃውን። ኮቴው እስኪርቅ እጠብቃለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«አሥራ አንድ ዓመት። መጀመሪያ ስህተት ነበር፣ እውነቴን ነው። አግኝቼው ላስተካክል ስቀመጥ፣ በዚያው ሰሞን ከዚህ ክፍል ሁለት ሰው ቀነሱ። እንዳለ ተውኩት። እኔን ማን ይድፈረኝ? ሐሙስ አለች።» ሊስቁ ይሞክራሉ። «ያሰናበቱኝበትን ደብዳቤ አይተሽዋል? ምክንያት፦ ማሽኑ በየሳምንቱ ስለሚቆም።»

«አክስቴ ታች መስመሩ ላይ ናት» እላለሁ። ልናገረው አላሰብኩም ነበር። «ማሽኑ የቆመበት ጊዜ ከምሳ ሰዓታቸው ይቀነሳል። ሐሙስ ሐሙስ ምሳዋን እንደቋጠረችው ይዛ ትመለስ ነበር። የምበላው እኔ ነበርኩ። ሐሙስ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ከጠራም በኋላ ይወለውሉታል።

«አንቺንም አንድ ቀን ይቀንሱሻል» ይላሉ በመጨረሻ። «ሟርት አይደለም፣ እንደ ልጄ ነው የምነግርሽ። እንዳለ ተይው። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይፈልጉሻል። እምቢ ካልሽም…» ወደ በሩ ያያሉ። «እምቢ ካልሽም ከግቢው እስክወጣ ታገሺኝ። ዛሬ ከተሰማ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ፊቴ ላይ ይቀዷታል።»

ስልኩ ይጮኻል።

ጋሼ ብድግ ብለው ከወንበሩ ጀርባ ጋዋናቸውን ይስባሉ። አንድ እጃቸው እጅጌው ውስጥ ገብቷል። ስልኩን የማነሳው ግን እኔ ነኝ።

«ኧረ ጋሽ ሐሙስን ስጪን!» ይላል የመስመሩ አለቃ። ከኋላው የማሽን ድምፅ አይሰማም። «ቀጥ ብሏል! ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።»

ጋሼን አያቸዋለሁ። በአንድ እጅጌ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ወጥተዋል» እላለሁ።

«ወጥተዋል? መቼ?»

«አሁን።»

ስልኩን እዘጋለሁ። የርክክቡን ወረቀት ፈርሜ ወደ እሳቸው እገፋለሁ። ከዚያ ወደዚያች መውጫ እመለስና ከበላይዋ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ቁልፉን ፍታ፣ ከዚያ ተመለስ። ጽፌ ለመጨረስ ከአንድ ትንፋሽ በላይ አልፈጀብኝም።

ወረቀቱን አያነሱም። ግማሽ ጋዋን እንደለበሱ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው የጻፍኩትን ያነባሉ።

«መጨረሻዋ ላይ መዝጊያ ምልክቷን፣ ሴሚኮለኗን፣ ረስተሻል» ይላሉ። «እንዲህ ሆና አትሠራም።»

ጣታቸው ስክሪኑ ላይ፣ መስመሯ የምታልቅበት ቦታ አርፏል። እስክጽፋት ድረስ አያነሱትም።