ፊልሙን «ውሸት ነው» ያለው ወንድም

«ቆይ... ይቺ ሴትዮ ወንድም የላትም? ጎረቤት የላትም? ኧረ አታስቁኝ!»

አብሳሎም ጅማ ውስጥ ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ያወራል...

ፊልም በመተቸት የታወቀ ልጅ ነው። እሱ «ቀሽም ነው» ያለውን ፊልም ሰው አያየውም። ምላሱ ደግሞ... አይጣል!

የዛን ቀን ያየው ፊልም ከልብ ወለድ የተሠራ ነው። ባል የሚስቱን ዕቃ እየደበቀ «አብደሻል» ይላታል። ለሰውም እንደዛው ያወራል።

«ደራሲውም ዋሽቷል፣ ፊልሙም ዋሽቷል! እንዲህ ዓይነት ባል እኛ ሀገር የለም!» አለ።

ቪዲዮው ተሰራጨ... ሰው በሳቅ ሞተ።

በማግስቱ አጋሮ ያገባችው ታላቅ እህቱ ሰናይት ደወለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ፊልሙንም «እባክህ እይልኝ» ብላ የጎተጎተችው እሷው ነበረች።

«አብስዬ... ሴትየዋን አላመንካትም?»

«ማን ያምናታል እቴ!» ብሎ ሳቀ።



«እሺ በቃ» ብላ ዘጋችው።

ትንሽ ቆይቶ ባሏ ደወለ። ጋሽ መሳይ ቡና ነጋዴ ነው፤ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ አጋሮ የሚያከብረው ሰው።

«እህትህ ያ መርሳቷ ብሶባታል። የምታደርገውን አታውቅም። ጠበል እንውሰዳት... እኔን እምቢ ብትል አንተን ትሰማለች።»

አብሳሎም ሄደ። እጇን ይዞ መኪና ውስጥ ያስገባት እሱ ነው።

ኧረ እንደው... አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም እኮ!

እሷም አልታገለችም።

ጠበሉ ቦታ አብሯት እያለ ጎረቤቷ ባህሪያ ልትጠይቃት መጣች። አብሳሎምን ወደ ጎን ጠራችው።

«ወላሂ እህትህ አልታመመችም! ቁልፏን የሚደብቀው፣ ወጧ ላይ ጨው የሚጨምረው ባሏ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?!»

«ልነግርህ ተነስቼ ነበር... ቪዲዮህን አየሁት። "እንዲህ ዓይነት ባል የለም" ስትል፣ እኔን ማን ሊያምነኝ ብዬ ተውኩት።»



እየሮጠ ሄዶ እህቱ እግር ላይ ወደቀ።

«ይቅር በይኝ እቴ! ሁሉንም ሰማሁ። ሲያደርገው የነበረው እሱ ነው! ተነሺ፣ እኔ ቤት እንሂድ!»

ሰናይት ፀጉሩን ዳበሰችው።

«ተው አብስዬ... የሰው ስም አታጥፋ። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ የማደርገው። አሞኛል እኮ።»

...

ወገኖቼ፣ ሰው ጭንቀቱን ሁልጊዜ አፍ አውጥቶ አይነግረንም። አንዳንዴ «ይህን ፊልም እይልኝ» ይለናል።

ፊልሙን አለመውደድ መብታችን ነው። ግን «እንዲህ ዓይነት ነገር የለም» ከማለታችን በፊት «ለምን እይልኝ አልሽኝ?» ብለን ብንጠይቅ ምናለ?

እስቲ ንገሩኝ... አብሳሎም አሁን እህቱን ምን ብሎ ያሳምናት? 👇