ከዚህ አፈር የበላ አለ?

በዚያ ዘመን መሬት ለመኖሪያ ይሁን አይሁን የሚፈርደው ማሽን ነበር። የድሮው ቆዳ ፋብሪካ ፈርሶ በሰፈሩ ቤት ሊሠራ ሲታሰብ ማሽኑ ከፋብሪካው አጥር ሥር ካለው የስንዱ ጓሮ ደረሰ።

«አፈሩ ጥቂት መርዝ አለበት፤ ከዚህ የበቀለ የበላ ሰው አለ?» ሲል ጠየቃት።

ጎረቤቷ አስካለ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «የለም በዪው፣ እትዬ ስንዱ! ዐሥር ዓመት በላስቲክ ቤት ኖርን፤ አሁን እንኳ ቤት ይሥሩልን።»

ስንዱ ጎመኗን አየች። ምክንያቱ ባልታወቀ ሕመም የሞተችባት ልጇ ትርንጎ ያደገችው በዚሁ ጎመን ነው። «ብዪ፣ ያፋፋሻል» እያለች ታጎርሳት ነበር።

«ልጄ በልታለች» አለች። «እኔው ነኝ ያጎረስኳት።»

ማሽኑ ቤት እንዳይሠራ ፈረደ።

አስካለ «እንግዲህ ልጆቼን የት ላድርጋቸው?» ብላ አለቀሰች።

«የትም ይሁን» አለቻት ስንዱ፤ «ከዚህ ብቻ አርቂልኝ።»