ስለቱና ክኒኑ

«መቶ ሃያ!» ይላሉ አባየ፣ የተወጋች ጣታቸውን እየመጠጡ። «አየሽ ካሰች? እኔ መቶ ሃያ ገብቸ አውቃለሁ?»

አያውቁም። ስኳራቸው ሁለት መቶ አምሳ ሲሆን «ዛሬስ ተሽሎኛል» የሚሉ ሰው ናቸው። መለኪያውን ከእጃቸው ቀምቸ ራሴ አየዋለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ። ነገር ግን ሶፋው ላይ ተደግፈው፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ይሄ ትንፋሽ ምንድን ነው?»

«እርጅና ነዋ።»

«ትናንት በስልክ ስንነጋገር ወጣት ነበሩ?»

«ወይ አንች! ለክርክር እናትሽን ነው የመሰልሽው።» ሊስቁ ይጀምሩና ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ከፋብሪካ በቀጥታ ነው የመጣሁ፤ የሥራ ልብሴን እንኳ አላወለቅሁም። የገባሁትም በራሴ ቁልፍ ከፍቸ ነው። ልጄ ኢታማር ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ወታደርነት፣ ተጠርቶ ወደ ጦሩ ከተመለሰ ወዲህ ከዘመዶቻችን በር የሚያንኳኳ የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ ይደውላል። በዚህ አገር የወታደር መርዶ በስልክ አይነገርም። የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው በር ያንኳኳሉ።

ስገባ ቤቱ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ። የጎረቤት ልጅ በረንዳዋ ላይ የጥፍር ቀለሟን የምታስለቅቅ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። አሁንም ይሸታል።

ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ። እሑድ ያመጣሁት የምስር ወጥ ክዳኑ አልተነካም። ዳቦውም ፌስታሉ ውስጥ እንደታሰረ ነው።

«አባየ፣ ምን በልተው ነው የከረሙ?»

ጺማቸውን ያሻሉ።

«አባየ!»

«ውሃ ጠጥቻለሁ» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «ስለት አለብኝ። ኢታማር ድምፁን እስኪያሰማን እህል አልቀምስም ብያለሁ። ወደዚህ አገር ስንመጣ በሱዳን መንገድ አንችን በጾም ነው ያተረፍሁሽ፤ አምላክ ዛሬም ያው ነው።»

ኢታማር እሑድ ማታ ስልኩን ለጦሩ አስረክቦ ወደ ውጊያ ገብቷል፤ የት እንዳለ የነገረን የለም። ዛሬ ረቡዕ ነው። እኔ እናቱ ስበላ፣ ስተኛ፣ ሥራ ስገባ ሰነበትሁ። ልጮህባቸው አፌን እከፍትና እፍረት ይይዘኛል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ብልቃጥ አያለሁ።

«ክኒኑንስ?»

«እሱማ ቃሌ ነው! አንድ ቀን አላጓደልሁም።» ይኮራሉ እኮ።

አዲሱ ክኒን የስኳር በሽተኛን ልብ ይጠብቅ እንደሆነ በሚፈትሽ ጥናት የሚሰጥ ነው። አባየ ልባቸው አንዴ ስለታመመ መረጧቸው። ግማሹ ሰው የእውነቱን ይወስዳል፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶውን፤ ማን የትኛውን እንደሚውጥ ሐኪሙም አያውቅ። አባየ ሁልጊዜ «የእውነቱን ያድርግልኝ» ብለው ነው የሚውጡ፤ እኔም አሜን እላለሁ። የጥናቱ ነርስ ሊራዝ የመጀመሪያ ቀን «በኪፑር፣ በስርየት ቀን፣ የምትጾም ከሆነ ክኒኑን አትውሰድ» ብላቸዋለች፤ ያስተረጎምሁት እኔ ነኝ። በኪፑር አልወሰዱም። ስለ ስለት ጾም ግን የጠየቃቸው የለም።

ለሊራዝ እደውላለሁ። የስኳሩን ቁጥር ስነግራት «ዮፊ! በጣም ጥሩ ነው» ትላለች።

«ከእሑድ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።»

ቶሎ ብላ ትጠይቀኛለች። «ክኒኑን ወስዷል?»

«ዛሬ ጠዋትም።»

«ጠጋ ብለሽ አፉን አሽትችው።»

ጎንበስ እላለሁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ሽታው ከጎረቤት አይደለም፣ ከአባቴ አፍ ነው የሚወጣ።

«ቁጥሩን ተይው!» ትጮሃለች ሊራዝ። «በዚህ ክኒን ላይ ሰው ሲጾም ስኳሩ ደህና መስሎ ደሙ አሲድ ይሆናል። ልቡ አይችለውም። አሁኑኑ አምቡላንስ ጥሪ። እስኪደርስ ጣፋጭ ነገር በትንሽ በትንሹ አጠጭው።»

አምቡላንሱን እጠራለሁ። ብርቱካን ጭማቂ ስቀዳ ግማሹ መሬት ይፈሳል። «ባዶው ይሁን» እላለሁ። «አምላኬ፣ ባዶውን አድርገው።»

ብርጭቆውን ወደ ከንፈራቸው ሳስጠጋ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ስለቴን አታስፈርሽኝ። ልጁ ይደውል፣ ያኔ እጠጣለሁ።»

«አባየ፣ ይሞታሉ!»

«ልሙታ! እኔ ጠግቤያለሁ። እሱ በሰላም ይግባ።»

ስለት የሽማግሌ ነገር ነው እያልሁ የምስቅ ነበርሁ። አሁን ግን ፈራሁ። ለአባቴ ብየ ስለቱን ባፈርስ፣ በልጄ ቢመጣብኝስ? አባየ ዓይናቸው ይከደናል፤ ትንፋሻቸው ብቻ ቤቱን ሞልቶታል።

«ደውሏል» እላለሁ።

ዓይናቸውን ይገልጣሉ። «መቸ?»

«ቅድም፣ አውቶቡስ ላይ ሳለሁ። ሳባን፣ አያቴን ሳሚልኝ ብሏል።»

«ታዲያ እስካሁን ምነው አልነገርሽኝ?»

«መቼ ፋታ ሰጡኝና! መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ እያሉ!»

ፊቴን ያዩታል፤ አልሸሽም። «ተመስገን» ይላሉ በመጨረሻ፣ አፋቸውንም ይከፍቱልኛል። አንድ ጉንጭ ይውጣሉ። ጭማቂው በጺማቸው ላይ ሲወርድ በእጄ እጠርገዋለሁ።

«ዕድሜውን ያርዝምልን» ይላሉ።

አሜን ልል እፈልጋለሁ፤ አይወጣልኝም።

በሩ ይንኳኳል።

አምቡላንሱን የጠራሁት እኔው ነኝ። እነሱ እንደሆኑ አውቃለሁ።

«ክፈችላቸው እንጂ፣ ልጀ» ይላሉ አባየ።

እንደገና ይንኳኳል። ብርጭቆውን እንደያዝሁ ቆሜ በሩን አያለሁ።