በዝርዝሩ ላይ ሰባተኛዋ ስም...

"ኧረ ያንን ልጅ ዝም አሰኚልኝ! ሥራ ላይ ነን እኮ!"

ሚስተር ኡልማን ስልኩ ላይ ጮሁ...

ከወዲያኛው ጫፍ የሴትዮዋ ድምፅ ለስለስ ብሎ መጣ።

"ይቅርታ መምህር... በበረዶው ምክንያት የሕፃናት መዋያው ተዘግቶ ነው። የኔ ልጅ ነው፤ አሁን ዝም ይላል።"

ሚስተር ኡልማን ሚኒሶታ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ኮሌጅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሰው አካል ያስተማሩ ሰው ናቸው። ነርስ ልሁን ያለ ሁሉ በሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው።

ሰሌዳ ቢሰጧቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያስተምራሉ። ዘንድሮ ግን ኮሌጁ ትምህርታቸውን ኦንላይን አደረገውና... ፈተናው ኮምፒውተር፣ ውጤቱ ኮምፒውተር፣ ተማሪውም ኮምፒውተር ውስጥ!

አንዱንም በአካል አያውቁትም።

የሴትዮዋ ሥራ ደግሞ እንደሳቸው ግራ የገባቸውን መምህራን በስልክ መርዳት ነው። ቤቷ ቁጭ ብላ የሳቸውን ስክሪን ታየዋለች። ካስፈለገም በራሷ ማውዝ ታንቀሳቅሰዋለች።

ስሟን አልጠየቋትም...

"ምን ልርዳዎት መምህር?"

"ውጤት መላኪያውን አሳዪኝና ልገላገል! እስከ አስራ አንድ ሰዓት ለነርሲንግ ክፍሉ ካልላክሁ ጉድ ነው።"

"ዜሮ ያለበት ተማሪ አለ?"

"አስራ አንድ! ከሃያ ስድስቱ አስራ አንድ ሰነፍ! እስከ አርብ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው ብያለሁ፤ አልገቡም። እንግዲህ ከፕሮግራሙ ይሰረዛሉ... ምን ላድርጋቸው? አንዷማ 'አርብ ከሰዓት ስገባ ተዘግቶ አገኘሁት' ትለኛለች። ገና ሳይመሽ! ውሸት እንኳ አይችሉበትም!"



"ከመላክዎ በፊት... ከላይ በስተቀኝ የመነጽር ምልክት አለች። እስቲ ይጫኗት። ተማሪው የሚያየውን ታሳይዎታለች።"

"እኔ ተማሪ አይደለሁም!"

"ለአንድ ደቂቃ ብቻ ይሁኑ መምህር።"

እያጉረመረሙ ተጫኗት። ወደ ፈተናው ገቡ...

የቁልፍ ሥዕል ብቅ አለ። ከሥሩ "ይህ ፈተና ከሐሙስ ወደ አርብ በሚያሻግረው እኩለ ሌሊት ተዘግቷል" ይላል።

"ምንድነው ይሄ? እኔ አርብ እኩለ ሌሊት ብዬ እኮ ነው የሞላሁት!"

"አዎ። እርስዎ አርብ ሲያልቅ ማለትዎ ነው። ሲስተሙ ግን ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው። አርብ ገና ሲጀምር ዘጋው... ሙሉ ቀን ቀድሞ። ብዙ መምህር ይሳሳትበታል።"

የሚስተር ኡልማን ፊት እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ።

"ታዲያ እነዚህ ልጆች..."

"መጥተው ነበር። በሩ ተዘግቶባቸው ተመለሱ።"

ሰዓታቸውን አዩ። ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ...

እሷ እያሳየቻቸው፣ እሳቸው እየተጫኑ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ፈተናውን እንደገና ከፈቱ። አንዱ... ሁለተኛው... ስድስተኛው...

ሰባተኛው ስም ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይቺን እንኳ ልለፋት። አፈኛ ናት። 'ምናልባት ሰዓቱን ተሳስተው ይሆናል' ብላ ጽፋልኛለች። ለመምህር እንዲህ ይባላል? ትቀጣ!"

ዘለሏት። ለሌሎቹ አስሩ ሁሉ ከፍተው ጨረሱ። ሰባተኛዋ ብቻ ዜሮዋን ይዛ ቀረች።

ከስልኩ ውስጥ የልጁ ሳል ተሰማ።

ከዚያ ሴትዮዋ ቀስ ብላ...

"መምህር... 'ሰዓት ለማንም አያዳላም' ብለው አልነበር?"

ሚስተር ኡልማን ክው አሉ።

ይህን ቃል ዛሬ አልተናገሩትም። በሕይወታቸው የጻፉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው... ለሰባተኛዋ ደብዳቤ መልስ!

"ከየት... ከየት አመጣሽው?"

"ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ሬኔ ሶልባከን። ቀን ቀን እዚህ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እርስዎ ጋ እማራለሁ።"



"ታዲያ ገና ስደውልልሽ አትነግሪኝም ነበር? ይህን ሁሉ ጊዜ ስሰድብሽ!"

"ያኔ ብነግርዎት ወይ አይሰሙኝም፣ ወይ ለኔ ብቻ ይከፍቱልኛል። አስሩ ደግሞ እንደኔ የእርስዎን ጆሮ የሚያገኙበት ስልክ የላቸውም።"

"ማውዙም እጅሽ ላይ ነው... ዓይኔን ዞር ሳደርግ የራስሽን ራስሽ መጫን ትችዪ ነበር እኮ።"

"እችል ነበር። ልጫነውም ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽዎትም። ግን ነገ የሰው ደም ሥር ላይ መርፌ ልወጋ ነው የምማረው... ማንም ሳያየኝ ቀጥ ብሎ መሥራትን ዛሬ ካልለመድኩት መቼ ልልመደው?"

እናት የሆነች ሴት ይቺን ንግግር በደንብ ትረዳታለች። ሬኔ ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ፣ የልጇን እንጀራ በሌላው እጇ ይዛ... ግን አልነካችውም!

ሚስተር ኡልማን ወደ ሰባተኛው ስም ተመለሱ። ተጫኑት። ተከፈተ።

"ሬኔ..."

"አቤት መምህር።"

"የልጅሽ ስም ማነው?"

"ኦደን።"

"ኦደንን ይቅርታ በይልኝ... ጮህኩበት።"

ሚስተር ኡልማን ለነርሲንግ ክፍሉ 'የአስራ አንዱ ውጤት ይቆይ፣ ስህተቱ የኔ ነው' ብለው ላኩ። ሬኔ ፈተናውን በማግስቱ ወሰደች። ሰማንያ አራት አመጣች። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድም ፈተና መነጽሯን ሳይጫኑ አውጥተው አያውቁም።

ወገኖቼ... በሩን የያዘ ሰው ከውስጥ ሆኖ ሲያየው ሁሌም ክፍት ይመስለዋል። ውጪ የቆመውን "ሰነፍ" ከማለታችን በፊት እስቲ አንድ ጊዜ ወጥተን እጀታውን እንሞክረው። የምንጮህበት ሰው ደግሞ፣ ያንኑ በር እንድንከፍት እየረዳን ያለው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

እናንተ በሬኔ ቦታ ብትሆኑ፣ ማንም የማያይ ቢሆን... የራሳችሁን ስም ትጫኑት ነበር ወይስ ትተዉት ነበር? ከልባችሁ መልሱልኝ... 👇